ማብራትም ማጥፋትም ሥርዐት ይፈልጋል

በአገራችን ለመጀመር ድግስ ይደገሣል፤ ለመዝጋት ግን ሰው አይገኝም። የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ጭብጨባው ይደምቃል፤ ሥራው ሲቋረጥ ወይም ወደ ሌላ እጅ ሲተላለፍ ግን ቁልፉን ማን እንደ ተረከበና ማን ምን ጥሎ እንደ ሄደ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ ልማድ በመሥሪያ ቤት ብቻ ቢቀር ባልከፋ ነበር። ነገር ግን የኮምፒዩተር ተማሪዎች በምንጽፋቸው ፕሮግራሞች ውስጥም ገብቶ ይታያል። አከፋፈቱ በዝርዝር ይጻፋል፤ አዘጋጉ በአንድ መስመር ይታለፋል። አንዳንዴም ጭራሽ አይጻፍም።

እኛ ከሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ከአምባሰልና ከደሴ ዙሪያ መጥተን በአንድ የትምህርት ክፍል የተሰባሰብን ተማሪዎች፣ ይህን ነገር ከጥቂት ጊዜ ወዲህ በመካከላችን ስንከራከርበት ቆይተናል። ክርክራችንንም ወደዚህ ጋዜጣ ያመጣነው ጉዳዩ የጥቂት ልዩ ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ስላመንን ነው። ጉዳዩም ይህ ነው፦ ኮምፒዩተር በሥራ ላይ እንዳለ ከፕሮሰሰሮቹ አንዱን ማጥፋት ወይም አዲስ ማብራት ቢያስፈልግ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሳይደናገር ይህን እንዴት ሊፈጽም ይችላል?

በመጀመሪያ፣ ሥራ ላይ ያለ ፕሮሰሰር ለምን ይጠፋል ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ አይጠፋም። መልሱ ቅርብ ነው። ሊኑክስ የጫንንበትን ላፕቶፕ ስንከድነውና ሲያንቀላፋ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በመጀመሪያ ከተነሣበት ፕሮሰሰር በቀር ሌሎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ያጠፋል። ክዳኑን ስንከፍት መልሶ ያበራቸዋል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ባትሪውን ለማቆየት ላፕቶፑን በቀን ዐሥር ጊዜ የሚከድን ተማሪ፣ ይህን ከባድ ሥራ በቀን ዐሥር ጊዜ ያሠራል ማለት ነው። ከዚህም በላይ በአንድ ትልቅ ሰርቨር ውስጥ ብዙ ምናባዊ ኮምፒዩተሮች ሲከራዩ፣ ለአንዱ ፕሮሰሰር ሊጨመርለት ከሌላው ሊቀነስበት ይችላል። ቀደም ባሉት ዓመታትም አንዳንድ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ከፕሮሰሰራቸው ክፍሎች አንዳንዱን እያጠፉ ያበሩ ነበር። ስለዚህ ነገሩ በየኪሳችንና በየጠረጴዛችን ያለ ነገር ነው።

እንግዲህ አደጋው የቱ ላይ ነው? ለማስረዳት ያህል ወደ አገራችን ሐይቅ እንሂድ። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ስፍራ ጥንት ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። ደሴት በነበረበት ዘመን አንድ መንገደኛ ከኮረብታው ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲመለከት ታንኳ ዳር ቆማ አየ እንበል። «ታንኳ አለ» ብሎ ሸክሙን ተሸክሞ ወረደ። እርሱ ቁልቁለቱን ሲወርድ ግን ሌላ ሰው ቀድሞት በታንኳይቱ ተሻገረ። መንገደኛው ውሸት አላየም፤ ባየበት ሰዓት ታንኳይቱ ነበረች። ጥፋቱ ማየትንና መያዝን አንድ አድርጎ መቍጠሩ ነው። በማየቱና በመድረሱ መካከል ዓለም ቀጥላ ትሄዳለች።

በኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ከርነሉ በሥራ ላይ ያሉትን ፕሮሰሰሮች የሚመዘግብበት ዝርዝር አለው። አንድ የፕሮግራም ክፍል ዝርዝሩን አይቶ «3ኛው ፕሮሰሰር አለ» ይላል። ቀጥሎም ለ3ኛው ፕሮሰሰር መልእክት ይልክና መልስ እስኪመጣ ይቆማል። በሁለቱ መካከል፣ ከሴኮንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ ውስጥ፣ ሌላው ወገን 3ኛውን ፕሮሰሰር አጠፋው። መልስ የሚሰጥ የለም፤ ላኪው እንደ ቆመ ይቀራል። ወይም ደግሞ ሥራውን በ3ኛው ፕሮሰሰር ወረፋ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ፕሮሰሰሩ ከጠፋ ወረፋውን የሚያነሣው የለም። እያንዳንዱ ፕሮሰሰር በማስታወሻው ውስጥ ለራሱ ብቻ የተመደበች ጓዳ አለችው። ጓዳይቱ ከፈረሰች በኋላ ሌላው ገብቶ ሊጽፍባት ቢሞክር የሌላውን ንብረት ያበላሻል። ይህን ዐይነቱን ስሕተት በእንግሊዝኛ ትምህርታችን «ሬስ ኮንዲሽን» እንለዋለን፤ በአማርኛ የሽቅድምድም ስሕተት ብንለው ትርጉሙ አይጠፋም። ውጤቱ የሚወሰነው በሥራው ትክክለኛነት ሳይሆን በማን ቀደመ ነውና።

የሽቅድምድም ስሕተት ክፉነቱ ዘወትር አለመታየቱ ነው። ሺሕ ጊዜ ሲሞከር ሺሕ ጊዜ ደህና ይሆናል፤ በሺሕ አንደኛው ይሰበራል። ፈታሹ በሚያይበት ሰዓት ደህና ሆኖ ባለቤቱ በተኛበት ሰዓት ይወድቃል። ስለዚህ «ሞክረነዋል፣ ሠርቷል» የሚለው ቃል በዚህ ጉዳይ ምስክር ሊሆን አይችልም። የሚያድነው ሙከራ ብቻ ሳይሆን ሥርዐት ነው።

ሥርዐቱ እንዴት ያለ ነው? የመጀመሪያው መቆለፊያ ነው። የኔዘርላንዱ ሊቅ ኤድስኸር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1965 ብዙ ፕሮግራሞች አንዱን ነገር በየተራ እንዲይዙ የሚያደርግ መፍትሔ ካሳተመ ወዲህ፣ ይህ ነገር የትምህርታችን መሠረት ሆኗል። በሊኑክስም ዝርዝሩን የሚያነብ ሁሉ በመጀመሪያ የአንባቢ መቆለፊያ ይይዛል። አንባቢዎች ብዙ ሆነው በአንድ ጊዜ ሊይዙት ይችላሉ፤ እርስ በርሳቸው አይከላከሉም። ፕሮሰሰር ሊያጠፋ ወይም ሊያበራ የሚመጣው ግን የጸሐፊውን መቆለፊያ መያዝ አለበት። ይህንም የሚያገኘው አንባቢዎቹ ሁሉ ሲለቁ ብቻ ነው። በመንገደኛው ምሳሌ፣ ታንኳይቱን ያየ ሰው ገመዷን ጨብጦ ሊያያት ይገባል ማለት ነው።

ነገር ግን መቆለፊያ መጨመር ብቻውን ጥበብ እንዳልሆነ ልብ ማለት ያስፈልጋል። በሊኑክስ ታሪክ ውስጥ ስለዚህ የሚያስተምር ነገር አለ። አንድ የመሣሪያ ፕሮግራም ሲጫን ሁለት ነገር ማድረግ ነበረበት። አንደኛ፣ አሁን በሥራ ላይ ላሉት ፕሮሰሰሮች ሁሉ የራሱን ዝግጅት ማድረግ። ሁለተኛ፣ ወደ ፊት ፕሮሰሰር ሲበራ ወይም ሲጠፋ እንዲነገረው ስሙን ማስመዝገብ። በሁለቱ መካከል አንድ ፕሮሰሰር ቢበራ ምን ይሆናል? በዝግጅቱ ጊዜ አልነበረም፤ ሲበራም ስሙን ያስመዘገበ አልነበረምና የተነገረው የለም። እንግዲህ ያ ፕሮሰሰር ሳይዘጋጅ ቀረ። ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ሁለቱን ሥራዎች በአንድ መቆለፊያ ውስጥ ማኖር መልካም ይመስላል። ሆኖም መመዝገቢያው ራሱ ሌላ መቆለፊያ ነበረው። ፕሮሰሰር የሚያበራው ወገን ደግሞ መጀመሪያ የመመዝገቢያውን ቀጥሎ የዝርዝሩን ይይዝ ነበር። አንዱ ሀን ይዞ ለን ሲጠብቅ፣ ሌላው ለን ይዞ ሀን ይጠብቃል። ሁለቱም አይለቁም፤ ሁለቱም አያገኙም። ይህ ዴድሎክ ነው። የሊኑክስ ሰዎች ይህን ችግር እ.ኤ.አ. በ2014 ለጊዜው የሚያቃልል መላ አበጁለት፤ ከሥሩ የነቀሉት ግን በኋላ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ከሥሩ የተነቀለው እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ነው። በቶማስ ግላይክስነር መሪነት የፕሮሰሰር ማብሪያና ማጥፊያው ሥራ እንደ ገና ተጻፈ። የድሮው አሠራር እንደ ደወል ነበር፤ ደወሉ ሲደወል የተመዘገበ ሁሉ ይሰማል፤ ማን ቀድሞ ማን ተከትሎ እንደሚሠራ ግን በደንብ አይታወቅም ነበር። ለማብራት የሚሰማ፣ ለማጥፋት የማይሰማም ነበር። አዲሱ አሠራር ደወሉን ትቶ መሰላል አቆመ። መሰላሉ ብዙ እርከኖች አሉት። በየእርከኑ ላይ ሁለት ሥራዎች ጎን ለጎን ይጻፋሉ፤ አንዱ ሲወጡ የሚሠራ፣ ሌላው ሲወርዱ የሚሠራ ነው። በላይኛው እርከን ላይ ያለው በታችኛው ላይ ያለውን ተማምኖ ይቆማል። ስለዚህ ወደ ታች ሲወረድ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ መጨረሻ የተከፈተው መጀመሪያ ይዘጋል።

አወጣጡ ሦስት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ክፍል አዲሱ ፕሮሰሰር ገና አልነቃም፤ ነቅቶ ያለ ሌላ ፕሮሰሰር ጓዳውን ያዘጋጅለታል፣ ማስታወሻ ይመድብለታል። በሁለተኛው ክፍል አዲሱ ፕሮሰሰር ነቅቶ የራሱን ሥራ በራሱ ይጀምራል፤ ነገር ግን ከውጭ የሚመጡ ጥሪዎች፣ ማለት ኢንተራፕቶች፣ እንዳይደርሱት ተዘግተዋል። በሦስተኛው ክፍል ጥሪዎቹ ተከፍተውለት ቀሪውን ዝግጅት ይፈጽማል። የተራ ፕሮግራሞችን ሥራ የሚቀበለው ከሁሉ በኋላ ነው። በመካከል በአንዱ እርከን ላይ እንከን ቢገኝ ማሽኑ ደርቆ አይቀርም፤ የወጣባቸውን እርከኖች አንድ በአንድ እየፈታ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ያ ሁሉ ዝግጅትና ምዝገባም በአንድ ጥሪ ስለሚፈጸም ከላይ የተናገርነው ቀዳዳ ተደፈነ። የድሮው የደወል አሠራር እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ላይ በወጣው የ4.10 እትም ከከርነሉ ወጣ።

አወራረዱ ደግሞ እኛን ከሁሉ በላይ ያስደነቀን ነው። ፕሮሰሰሩ እንዲጠፋ ሲታዘዝ ወዲያው አይጠፋም። ከሁሉ አስቀድሞ «ሥራ የሚቀበሉ» ከሚባሉት ዝርዝር ይሰረዛል፤ «ያሉ» ከሚባሉት ዝርዝር ግን ገና አይሰረዝም። አለ፤ ግን አዲስ ሥራ አይሰጠውም። በላዩ የነበሩት ሥራዎች ወደ ሌሎች ፕሮሰሰሮች ይዛወራሉ። የራሱ የቤት ሠራተኞች የሆኑት ትሬዶች እንዲያርፉ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ከርነሉ ለጥቂት ቅጽበት ፕሮሰሰሮቹን ሁሉ በአንድነት ያስቆማል። ሁሉም በቆሙበት በዚያች ቅጽበት ተሰናባቹ ከ«ያሉ» ዝርዝር ይሰረዛል፤ የውጭ ጥሪዎቹም ወደ ሌሎች ይዞራሉ። በመጨረሻም ከጠፋ በኋላ ሕያው የሆነ ሌላ ፕሮሰሰር ወደ ጓዳው ገብቶ የቀሩትን የሰዓት ቀጠሮዎች ይሰበስባል፣ ንብረቱን ያስረክባል። ያለ ወራሽ የሚቀር ሥራ የለም።

ይህ ሁሉ ሲታይ የምንማረው ነገር ምንድን ነው? «አለ» ማለትና «ሥራ ይቀበላል» ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። አንድ ዝርዝር ብቻ ቢኖር ኖሮ መሰናበቻ ጊዜ ባልተገኘ ነበር፤ ትናንት ሙሉ ሠራተኛ፣ ዛሬ የለም ይሆን ነበር። ሥርዐት ያለው መዝጊያ በሁለቱ መካከል ስፍራ ይፈልጋል። ያ ስፍራ ከሌለ መንገደኛው ሁሉ ከኮረብታው ያየውን ታንኳ እያመነ ውኃ ዳር ደርሶ ይቀራል።

ስለ ሐይቅ እስጢፋኖስ ካነሣን አይቀር አንድ ነገር እናስታውስ። አቡነ ኢየሱስ ሞአ እ.ኤ.አ. በ1248 ወደ ሐይቅ ከመጡ በኋላ ገዳሙ ታላቅ የትምህርትና የመጻሕፍት ቦታ ሆነ። ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1280 እና በ1281 መካከል የተጻፈ ሲሆን፣ ዘመናቸው በውስጣቸው ተጽፎ ከሚገኙት የኢትዮጵያ ብራናዎች ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። በመካከለኛው ዘመን የሐይቅ አበ ምኔት በቤተ መንግሥት «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕርግ ይጠራ ነበር፤ ከታላላቆቹ የቤተ ክህነት ባለ ሥልጣኖችም አንዱ ነበር። ትርጉሙ ሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። ይህን ስንል አባቶቻችን የኮምፒዩተርን ነገር አስቀድመው ያውቁ ነበር ለማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ፉከራ አይጠቅመንም። ነገር ግን ብዙ ሰው በሚሠራበት ቤት ሰዓትና ተራ ጠባቂ እንደሚያስፈልጋቸው፣ ጠባቂነቱም ትንሽ ሥራ ሳይሆን ትልቅ ማዕርግ እንደ ሆነ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። እኛ ግን ዛሬ በፕሮግራም ሥራ ተራ አስጠባቂውን ክፍል የመጨረሻው ሰነፍ እንዲጽፈው እንተወዋለን።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የወረቀት ላይ ጭንቀት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ድረስ በካናዳና በአሜሪካ «ቴራክ 25» የተባለ የጨረር ሕክምና መሣሪያ ቢያንስ ለ6 ሕመምተኞች ከመጠን እጅግ የበለጠ ጨረር ሰጥቷል፤ ከእነዚህም የሞቱ አሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ ሠራተኛዋ ትእዛዙን በፍጥነት ስታርም በፕሮግራሙ ውስጥ የሚነሣ የሽቅድምድም ስሕተት ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2003 ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካና በካናዳ ወደ 50 ሚሊዮን ለሚጠጋ ሕዝብ መብራት ጠፋ። የጥፋቱ መነሻ ብዙ ነበር፤ ሆኖም በአንድ የመቈጣጠሪያ ክፍል ውስጥ የማስጠንቀቂያው ፕሮግራም በሽቅድምድም ስሕተት ቆሞ ስለ ነበር፣ ሠራተኞቹ ችግሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ሲባባስ አላወቁም።

በአገራችንም ከመጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ የሆነውን ሁላችን እናስታውሳለን። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ በተፈጠረው እክል ብዙ ሰዎች በሒሳባቸው ከሌላቸው ገንዘብ በላይ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ ዐደሩ፤ ከእነዚህም መካከል ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩበት። ባንኩ የተወሰደው ወደ 801 ሚሊዮን ብር እንደ ሆነ አስታወቀ፤ እክሉም የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከመደበኛ የሲስተም ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን ገለጸ። ይህ የፕሮሰሰር ማጥፋት ጉዳይ ነበር አንልም። ነገር ግን ትምህርቱ ያው ነው፤ ሕዝብ እየተጠቀመበት ያለውን ነገር እየሠራ መለወጥ ከሥራዎች ሁሉ የሚከብድ ሥራ ነው። በዚያ ሌሊት በየዶርማችን የተነገረው ብዙ ነው፤ ስለ ገንዘቡ ተወራ፣ ስለ ቅጣቱ ተወራ። የሙያው ሰዎች ልንሆን የምንዘጋጅ ተማሪዎች ግን «እንዲህ ያለው ሲስተም በሥራ ላይ እያለ እንዴት ይለወጣል?» ብለን መጠየቅ ነበረብን። ነገ በዚያ ወንበር የምንቀመጠው እኛው ነንና።

እንግዲህ ወደ ትምህርታችን እንመለስ። በኦፐሬቲንግ ሲስተም ትምህርት ፈተና ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው «ለዴድሎክ መነሻ የሚሆኑትን 4 ሁኔታዎች ዘርዝሩ» የሚል ነው። ተማሪው አራቱን ይሸመድዳል፣ ይጽፋል፣ ነጥቡን ያገኛል። እነዚያኑ አራት ሁኔታዎች በራሱ ፕሮግራም ውስጥ ሲያገኛቸው ግን አያውቃቸውም፤ በስም እንጂ በመልክ አላስተዋወቅነውም። መምህሮቻችንን ለመውቀስ አይደለም፤ የተማሪው ብዛትና የላቦራቶሪው ጥበት ምን ያህል እንደሚያስቸግራቸው እናያለን። ሆኖም ሽምደዳ ለዚህ ዐይነቱ ስሕተት መድኃኒት እንደማይሆን በግልጽ መናገር አለብን።

ለዚህ ክርክራችን የሚሰጡ ሁለት መልሶች አሉ። አንደኛው «እኛ ድኾች ነን፤ የከርነል ነገር ለባለጸጎች አገሮች ይቅር፤ እኛ መጠቀም ብንችል ይበቃናል» የሚል ነው። ይህን አንቀበልም። ድኻ የተበላሸ ዕቃ ለመለወጥ አቅም የለውምና ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ ከባለጸጋው ይልቅ ሊያውቅ ይገባዋል። መብራት በሚቆራረጥበት አገር ላይ ማጥፋትና ማብራት የዕለት ተዕለት ነገር ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ከሌላው ሁሉ በፊት የእኛ ጥያቄ ነው።

ሁለተኛው መልስ «መሣሪያ የለንም» የሚል ነው። ይህም ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። የሊኑክስ ከርነል የተጻፈበት ኮድ ለሁሉ የተከፈተ ነው፤ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ካመጣው በፍላሽ ለክፍሉ ሁሉ ይዳረሳል፤ ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት ቢጠፋም ትምህርቱ አይቋረጥም። አንድ መጠነኛ ላፕቶፕ «ኪውኢኤምዩ» በተባለው ፕሮግራም አማካይነት 4 ፕሮሰሰር ያለው ምናባዊ ኮምፒዩተር በውስጡ ሊያስነሣ ይችላል። ሊኑክስ ለሚጠፋና ለሚበራ ፕሮሰሰር ሁሉ «ኦንላይን» የምትባል ትንሽ ፋይል ያቀርባል፤ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያለው ሰው 0 ሲጽፍባት ፕሮሰሰሩ ይጠፋል፣ 1 ሲጽፍባት ይበራል። አንዱ ተማሪ ይህን ደጋግሞ እያደረገ ሌላው ከባድ ሥራ ያሠራው። ቢሰበር የሚሰበረው ምናባዊው ኮምፒዩተር ነው፤ እንደ ገና ማስነሣት ነው። ሊኑክስ ራሱን በማሠቃየት የሚፈትንባቸው ፕሮግራሞችም አሉት፤ በከባድ ሥራ መሐል ፕሮሰሰሮችን በዘፈቀደ ያጠፋሉ፣ ያበራሉ። ለእንዲህ ያለው ላቦራቶሪ የሚያስፈልገው ገንዘብ ሳይሆን ፈቃድ ነው።

ስለዚህ ለመምህሮቻችን ሦስት ነገር በአክብሮት እናሳስባለን። አንደኛ፣ በኦፐሬቲንግ ሲስተም ትምህርት ውስጥ ቢያንስ ሁለት የላቦራቶሪ ጊዜ ለዚህ ይሰጥ፤ ተማሪው የሽቅድምድም ስሕተት በገዛ እጁ አስነሥቶ በዐይኑ ይየው። ሁለተኛ፣ በፈተና ላይ «ይህ ፕሮግራም ይሠራል ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «በዚህ መስመር ላይ ቢቋረጥ ምን ይቀራል? ማን ይሰበስበዋል?» የሚል ጥያቄ ይጨመር። ሦስተኛ፣ የመመረቂያ ሥራ ሲገመገም የሚከፍተው ብቻ ሳይሆን የሚዘጋው ክፍልም እኩል ነጥብ ይኑረው። ተማሪው ለመዝጊያው ነጥብ እንደሚያገኝበት ካወቀ ይጽፈዋል፤ ነጥብ የሌለውን ነገር የሚጽፍ ተማሪ እንደማይበዛ ሁላችን እናውቃለን።

ለተማሪ ጓደኞቻችን የምናሳስበው ደግሞ አንድ ነገር ነው። ፕሮግራም ስትጽፉ በየእርከኑ ሁለቱን ጎን ለጎን ጻፉ፤ ማስታወሻ የመደባችሁበትን መስመር ሳትጨርሱ የምትለቁበትን ጻፉ፤ መቆለፊያ የያዛችሁበትን ስታዩ የምትፈቱበትን በጣታችሁ አመልክቱ። ሁለት መቆለፊያ የሚያስፈልግ ከሆነ ሁሉም በአንድ ቅደም ተከተል ይያዝ፤ ቅደም ተከተሉንም በኮዱ ራስጌ ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ። «አለ» ብላችሁ ካያችሁ በኋላ እስክትጨርሱ ድረስ እንዳይሄድባችሁ ያዙት፤ መያዝ ካልቻላችሁ ሊሄድ እንደሚችል ቍጠሩት። ሌሊት ሁሉም ሰላም ነው ብላችሁ አትተኙ፤ ሺሕ ጊዜ አጥፉት፣ ሺሕ ጊዜ አብሩት።

ይህ ነገር ከኮምፒዩተር ክፍል ውጭ ያሉትን አንባቢዎቻችንንም ይመለከታል። ማኅበራችን በየጊዜው ተመራጮቹን ይለውጣል። ተሰናባቹ ኮሚቴ በአንድ ቀን ይጠፋል፤ አዲሱ በአንድ ቀን ይበራል። በሁለቱ መካከል የቀረበ አቤቱታ፣ የተጀመረ መዋጮ፣ የተዋሰ ዕቃ ወራሽ አጥቶ ሊቀር ይችላል። ለምን የመሰላሉን ሥርዐት አንከተልም? ተሰናባቹ መጀመሪያ አዲስ ጉዳይ መቀበል ያቁም፤ ግን ገና አይሂድ። በእጁ ያለውን ለአዲሱ በስም በስም ያስረክብ። አዲሱም ቍልፉን፣ መዝገቡንና ወረፋውን ሳይረከብ ባለጉዳይ አይቀበል። ርክክቡ ቢሰናከል ሁለቱም ወደ ነበሩበት ተመልሰው እንደ ገና ይጀምሩ እንጂ ጽሕፈት ቤቱ ባዶ አይደር። ይህ ለአንድ ቁራጭ ሲልከን የሚደረግ ጥንቃቄ ከሆነ፣ የጓደኛቸውን አቤቱታ ለያዙ ሰዎች እንዴት ይበዛባቸዋል?

አንዳንዶች ጥንቃቄ ሥራን ያዘገያል ይላሉ። መቆለፊያ ጊዜ እንደሚወስድ፣ ፕሮሰሰሮችን ሁሉ በአንድነት ማስቆምም ዋጋ እንዳለው አንክድም። ለዚህ ነው የሊኑክስ ሰዎች ለአንባቢው መንገዱ ቀላል፣ ለሚያጠፋው ግን ከባድ እንዲሆን ያደረጉት። ማንበብ በየቅጽበቱ ይሆናል፤ ማጥፋት አልፎ አልፎ ነው። ክብደቱ በብዙኃኑ ላይ ሳይሆን ለውጥ በሚያመጣው ጫንቃ ላይ ይውደቅ ማለት ነው። ሥርዐቱ ከጸና በኋላ ደግሞ ፍጥነት ራሱ ይመጣል። እርከኖቹ በግልጽ ስለ ተለዩ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው የ6.5 እትም፣ በኢንቴልና በኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ላይ ብዙ ፕሮሰሰሮችን በአንድ ጊዜ ጎን ለጎን ማስነሣት ተችሏል። ቀድሞ አንድ በአንድ ነበር። ፍጥነቱ የተገኘው ጥንቃቄውን በመተው ሳይሆን ጥንቃቄው የት ላይ እንደሚያስፈልግ ለይቶ በማወቅ ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ነገር ግን ድሩ የሚያስረው እያንዳንዱ ክር መቼ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ የታወቀ ሲሆን ነው፤ አለዚያ ተጠላልፎ ራሱን ያስራል። ትምህርት ቤታችን በዚህ ሴሚስተር አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ፍላሽና ሁለት የላቦራቶሪ ጊዜ ይስጠን። የቀረውን እኛ እንሠራዋለን፤ ያገኘነውንም በዚሁ ጋዜጣ ለአንባቢዎቻችን እናስረክባለን።